ሲሪንቃ አጠገብ የገፋኋት መኪና

ከመርሳ ወደ ወልድያ እየነዳሁ ነበር። ሲሪንቃ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረኝ ከብቶች ላሳልፍ ብቆም የአሮጌዋ መኪናዬ ሞተር ጠፋ። አብረውኝ ያሉት ጎረቤቴ አባ ሞገስ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ቸኩለዋል። ቁልፉን ባዞር «ጠቅ» ብላ ዝም። የባትሪውን ጫፎች ጠርጌ አጠበቅኋቸው፤ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በመፍቻ መታ መታ አደረግሁት፤ ወይ ፍንክች! የቀረው መግፋት ነው። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ለብቻዬ አያቅተኝም፤ አባ ሞገስ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«እርስዎ መሪውን ይያዙልኝ። ስጮህ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ» አልኳቸው።

«ፍሪሲዮን የምትለው የቱ ነው?»

ግራ እግራቸውን አንስቼ አስረገጥኳቸው፤ ሁለተኛ ማርሽም አስገባሁላቸው። ከኋላ ገፍቼ ገፍቼ «ይልቀቁ!» ስል መኪናዋ አጓርታ ተነሳች።

እኔ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። አባ ሞገስ ግን አልቆሙም።

«ኧረ አባ! ኧረ ይቁሙ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ከፊት ከባድ መኪና መጣባቸው፤ ደግነቱ ሾፌሩ ዳር ይዞ አሳለፋቸው። ኩርባውን ታጥፈው ሲሰወሩብኝ ባጃጅ አስቆምኩ።

«ያቺን መኪና ተከተልልኝ!»

«ሰረቁህ እንዴ?» አለኝ ባለባጃጁ።

«ኧረ መንዳት አይችሉም!»

ሲሪንቃ ስንደርስ መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ሰው ተሰብስቧል። መኪናዬ ሜዳውን ቀስ እያለች ትዞራለች። አባ ሞገስ መሪውን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል። በአጠገቤ ሲያልፉ በመስኮቱ ጮኹብኝ፦

«ልጄ፣ ማስነሻውን ነገርኸኝ፤ ማቆሚያውን መች ነገርኸኝ?»