የረቡዕ ፍርፍር

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና፣ አያ አላምረው የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ራታቸውን የሚበሉት ከእኛ ጋር ነበር፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ያቋረጡ ሰው ናቸውና ወሬ አያልቅባቸውም። መሸት ሲል ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገባሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ብርቄ ምድጃው አጠገብ እንኮለኮላለን። ያኔ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ተረት ያወሩልናል፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬ ከዚያ ሁሉ ተረት የማስታውሰው ትንሽ ነው። አንዱን ጅብ ከሌላው ጅብ መለየት እንኳ አልችልም።

አንድ ረቡዕ እናትና አባቴ ለለቅሶ ሞጣ ሄዱ፤ የሚመለሱት በማግስቱ ነው። አስር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፣ ቤቱን በአደራ ተቀብዬ ሳድርም የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ለመውጣት እየተቻኮለች «እንጀራው የትናንት ነው፣ ፈርፍሪው፤ አያ ጦማቸውን እንዳያድሩ» አለችኝ። ስለ ብርቄ እንኳ አላነሳችም፤ ጭንቀቷ ሁሉ ሽማግሌው ነበሩ። ጭንቀቱ ወደ እኔም ተጋባ።

ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበርና ኩራዝ አበራሁ። አንዱ ምድጃው ጥግ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ሁለት ድስት ተቀምጧል፣ የሁለቱም ሥር ላይ ሽሮ ቀርቷል። አንዱ አይበቃም ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ ገለበጥኋቸው፣ ውሃ ጨመርሁ፣ በርበሬ ነሰነስሁ፣ ዳር ዳሩ የደረቀውን እንጀራ ቆራርሼ ፈረፈርሁበት። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ሳማስል ራሴን እንደ ትልቅ ሴት ቆጥሬ ነበር። ጨዉን እንኳ አልቀመስሁም፤ ከታላቅ በፊት እጅ ማስገባት ነውር ነው ተብያለሁ።

አያ እጃቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ ጠቀለሉ። እጃቸው አፋቸው ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። የሸተታቸው ቅቤ ነው። አንደኛው ድስት የማክሰኞ ነበር፤ በእኛ ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካው ዕቃ ለብቻው ይቀመጣል። ይኼን እግሬ መሬት ከረገጠ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያን ምሽት ግን ቀኑም ድስቱም ጠፉብኝ። አያ ደግሞ ታመው እንኳ ጾም ያልፈቱ ሰው ናቸው።

የጠቀለሉትን ለብርቄ አጎረሷት፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ አትጾምም። «ይኼ ለሷ ይሁን፣ ርቧታል» አሉ። እኔ ምግቤ የተናቀ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

«አያ፣ አልበሰለም እንዴ?»

«በስሏል እንጂ። እኔን አንድ ተረት ትዝ ብሎኝ ነው። ተልባ አለ?»

«አለ።»

«የደረቀ እንጀራስ?»

እሱም በጆንያ ተሰቅሏል። ተረቱን ጀመሩ። አንድ የቅኔ ተማሪ ከቢቸና ወደ ሞጣ በእግሩ ሲጓዝ ዝናብ ይይዘውና አንዲት ባልቴት ቤት ይጠጋል። ሴትዮዋ የምታበላው የላትም፣ አፈረች። «ተማሪው ምን ቢላት ጥሩ ነው? ተልባውን ቁይ አላት» ብለው ተረቱን አቋረጡ። እኔም ቀጣዩን ለመስማት ጠጋ አልሁ።

«ቁይዋ። ካልቆላሽ ተረቱ አይሄድም።»

ቆላሁ፤ ተንጣጣ። ከዚያ ውቀጪ አላት፣ ወቀጥሁ። በውሃ በጥብጪ፣ ጨው ጣል አድርጊ፣ ደረቁን እንጀራ ሰባብረሽ ጨምሪበት አላት። ሳህን ሳነሳ «ባልተነካ ሳህን ነው ያላት፣ ሴትዮዋ ሳህን ትመርጥ ነበር» አሉ። የፍርፍሩን ሳህን ወደ እኔ ልስብ ስል ደግሞ «ተልባውን ያልቀመሰ መጨረሻውን አይሰማም» ብለው እጄን መለሱት። እንጀራው እስኪርስ ጠበቅንና እኔና እሳቸው ከአንድ ሳህን በላን። ብርቄ ፍርፍሩን ጨርሳ እዚያው ተኛች።

እናቴ በማግስቱ መጥታ ድስቱን አሸተተች። «ይኼን ነው ለአያ ያቀረብሽ? በረቡዕ?» አለችኝ። የሳህኑ ነገር ያኔ ገባኝ፤ አፈርሁ፣ ክፉኛ አፈርሁ። ከእንግዲህ አያ ደጃችንን አይረግጡም ብዬ ቆረጥሁ፤ ከዚያ ወዲያ በሩን ሳይ ዋልሁ። የፈራሁት የእናቴን ቁጣ አልነበረም። ሰውየው በእኔ ጥፋት ብቻቸውን ቤታቸው ሊበሉ ነው ብዬ ነው።

መሸት ሲል ከዘራው በሩ ላይ ተደገፈ። እናቴ ብድግ አለች።

«አያ፣ ይቅር ይበሉን፣ ልጅቷ ሳታውቅ...»

«ምኑን ነው ይቅር የምልሽ? እኔ እዚህ ቤት የበላሁት ተልባ ነው፣ እሱንም የሠራችው ልጅሽ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ነይ ቅረቢ፣ ተማሪውን መንገድ ላይ ትተነዋል።»

ተማሪው ሞጣ ይድረስ አይድረስ ረስቼዋለሁ። ተረቱን ከሰው ሰምተውት ይሁን እዚያው ፈጥረውት አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ያን ረቡዕ አንስተው አያውቁም። አሁን ሞጣ ነው የምኖረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴንም ሰዎች ፊት ለፊት ነግረውኛል፣ ደግም አደረጉ። አፍሬ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። ሰው ፊት ያን የሚያህል ጥፋት ባጠፋሁበት ሌሊት ግን ጠግቤ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።