የበቀለች ዓይን

ዳንግላ ውስጥ የአንገት መስቀል ያሠራ ሰው ሁሉ የበቀለችን እጅ ያውቃል። ቤቷ ገብቶ ውኃ የጠጣ ግን፣ እስቲ አንድ ሰው ጥሩልኝ! የለም። አባቷ ብር አንጣሪ ነበሩ፤ መዶሻቸውንም ስማቸውንም አወረሷት። ስማቸው ደግሞ «ጠይብ» ነበር። ጠይብ በዓይኑ ይበላል ይባላል፤ በተለይ ሰው እህል ሲቀምስ ካየ፣ ወይ የሚያምር ልጅ ካየ። ሞኝነት ነው፤ ግን ሞኝነትም ሰፈር ከሞላ እንደ ሕግ ይጸናል። አባቷ ራሳቸው «ሰው ሲበላ ፊትሽን አዙሪ» እያሉ ነው ያሳደጓት። እናቶች እሷ ስታልፍ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ በማግስቱ ለዚያው ልጅ መስቀል ሊያሠሩ ከደጇ ይቆማሉ። ኧረ ጉድ!

እንግዲህ አስቡት፣ ጌጥ ሠሪ ዓይኗን ከተከለከለች ምን ይዛ ትሠራለች? በቀለች መታየት የማይፈራውን ነገር ማየት ለመደች። የቀርከሃ አጥሯ አጠላለፍ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚታሰሩት ፈረሶች ልጓም፣ የጎመን ቅጠል ጅማት፣ ሁሉን ወደ ብር መለሰችው። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ የሚያገባት ሰው መጥቶ ነበር፤ እናቱ ሰማችና ቀረ። ከዚያ ወዲህ የምታወራው ከወናፏ ጋር ነው። እሱ ቢያንስ ይተነፍሳል።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ዓርብ፣ እማማ ደብሪቱ መጡ። ከአጥሩ ማዶ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጎረቤቷ ናቸው፤ ደጇን ሲረግጡ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ጠቅልለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አምሳለ ሴት ልጅ ተገላገለች» አሉ። አምሳለ ጫግኒ የምታስተምረው ልጃቸው ናት። «ለሕፃኗ ክርስትና መስቀል ሥሪልኝ። የማንም ያልሆነ፣ የኛው የሆነ።» ከመቀነታቸው አንድ ጠገራ ብር ፈተው ሰጧት።

በቀለች የምትይዘውን አጣች። እየተጣደፈች ቆሎ በሳህን አቀረበች።

«ይቅመሱ እማማ።»

«ጾም ነኝ ልጄ። ዓርብ አይደል?»

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ዓርብም እንደማይጾም የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። እማማ ደብሪቱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ያረጁ ሴት ናቸው።

«ይቀበልልዎ» አለች በቀለች፤ ሳህኑንም አነሣች።

ቆሎውን ኋላ ብቻዋን ስትቆረጥም አለቀሰች። እፈራሻለሁ ቢሏት ይሻላት ነበር። የሆነው ሆኖ መስቀሉን ማሳመር አለባት። እኒህ ሴት ደጇን ረግጠዋል፤ ሥራዋ ደግሞ ካልመለሳቸው ሌላ ምን ይመልሳቸዋል? ሠላሳ ዓመት ያጣችው ጎረቤት በዚህች ብር ላይ ተንጠልጥሏል።

አጥሩን አየች፤ የአጥሩ ጥልፍልፍ በስንቱ አንገት ላይ አለ። ልጓሙንም እንዲሁ። በሚኒባስ እንጅባራ ሄዳ ዘንገና ሐይቅ ዳር ተቀመጠች። ውኃው ሰማዩንና የራሷን ፊት አሳያት። «ይህንንማ ጠግቤዋለሁ» ብላ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ አቀለጠችው።

አንድ ጧት ከቦኖው ወረፋ ስትጠብቅ፣ እማማ ደብሪቱ ጀሪካናቸውን ሊያነሡ ሲያጎነብሱ ነጠላቸው ሸርተት አለ። አንገታቸው ላይ ንቅሳት! ዙሪያውን የሚሄድ ሦስት መስመር፣ በየመካከሉ ጥቃቅን መስቀሎች፣ ከዚያ ደግሞ... ተሸፈነ። በቀለች ውኃውንም ትታ ቤቷ ገባች፤ ያየችውን ያህል ብሩ ላይ ቀረጸች። ግማሽ መስቀል። የቀረው ነጠላ ሥር ነው።

ሁለት ቀን ተንቆራጠጠች። በሦስተኛው ቀን አጥሩን ይዛ ቆመች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንገትዎን ልየው።»

የእማማ ደብሪቱ እጅ ነጠላቸው ላይ ጥብቅ አለ።

«ምን አልሽ?»

«የማንም ያልሆነው የእርስዎ ንቅሳት ነው። ካላየሁት አልጨርሰውም።» ግማሹን መስቀል በአጥሩ ክፍተት አቀበለቻቸው።

አገላብጠው አዩት።

«በስምንት ዓመቴ ነው እናቴ ያስነቀሰችኝ፣ በእሾኽ» አሉ በመጨረሻ። «ከማጅራቴ በኩል ያለውንማ እኔም አይቼው አላውቅ።» ነጠላቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቶሎ በይ እንግዲህ!»

በቀለች ቶሎ አላለችም። ከአባቷ ሞት በኋላ ሰውን እንዲህ ቀርባ አይታ አታውቅም፤ ንቅሳቱን ዙሪያውን ተከትላ፣ በከሰል፣ ወረቀት ላይ ነደፈችው።

መስቀሉ ሲያልቅ የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ ገና ረፋድ። እማማ ደብሪቱ መስቀሉን ተቀብለው አንድ ጣታቸውን በብሩ ላይ፣ ሌላ ጣታቸውን በአንገታቸው ላይ አስኬዱ።

«እንዲህ ኖሯል?» አሉ፤ እንባቸው መጣ። «ይኼን ተሸክሜ ነው የኖርሁት?»

ይሄዳሉ ስትል መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

«እስቲ ያን ቆሎ አምጪው።»

«ጾም አይደል እማማ? ሰዓቱም ገና ነው።»

«በፍስኩ ጾሜብሽ የለ? ዛሬ በጾሙ ልብላልሽ። ሁለቱንም ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።»

በቀለች ሳህኑን አቀረበችና እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆሎው ሁለቴ ሦስቴ ተቆረጠመ፤ ከዚያ ቆመ።

«ምነው?» አሉ እማማ ደብሪቱ ከኋላዋ። «ዙሪ እንጂ! ሰው ብቻውን ይበላል እንዴ?»

በቀለች ዞረች።