ከወጀት ቡሬ በእግር

ባለፈው ጥቅምት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በአውቶቡስ ሄድሁ። በመስኮት ኑጉን እያየሁ፣ ገና ብዙ ይቀረናል ስል ደረስን። እኔ ይህን መንገድ የማውቀው በእግር ነው። አንድ ጊዜ፣ ብቻዬን፣ በጣሊያን ዘመን።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ወጀት ትባል ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን መልእክተኛ መጣና «አያሌው ቆስሎ ቡሬ አጠገብ አያ ፈንታ ቤት ተኝቷል፤ ወንድሙ ይምጣ» ብሎ ሄደ። እናቴ በሶ ቋጠረችልኝ። በማግስቱ ገና በጠዋት፣ የጣሊያን መኪና የሚመላለስበትን ጥርጊያ ትቼ በማሳ ለማሳ ተነሣሁ።

እንዴት ልበለው... ደስ ብሎኝ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፤ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል፤ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ አድርጎታል። አያሌው ቆሰለ እንጂ ሞተ አልተባለም። ሳገኘው የምነግረውን ጮክ ብዬ እለማመድ ነበር፤ ቦራዋ ላም እንደ ወለደች፣ ውሻው አሁንም ደጅ ደጁን እንደሚያይ።

ማንኩሳ ስደርስ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ውሃ ለመንሁ።

«አንተ ቀጫጫ፣ ይህን ፊት የት ነው የማውቀው?» አለች እየሳቀች።

ዙሪያዬን አይቼ፣ «የአያሌው ወንድም ነኝ» አልሁ በሹክሹክታ።

ሳቋ ቆመ። ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። ውሃ ለለመንኋት ጠላ ቀዳችልኝ፤ እንጀራም አቀረበች። «ብላ፣ ጨርሰው» እያለች ከአጠገቤ አልተነሣችም። ከዚያ ባሏን ከማሳ አስጠራችው። ማጭዱን አስቀምጦ ሊሸኘኝ ተነሣ።

«ምነው፣ አይድከሙ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልሁ።

«ዝም በል! ለአማቴ እንኳ አጨዳ ትቼ አላውቅም። እንዳትነግርብኝ።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ወንዙን ክንዴን ይዞ አሻገረኝ፤ ከተሻገርንም በኋላ ክንዴን ለመልቀቅ ዘገየ። አያሌው ምን ያህል ቢከበር ነው አልሁ በልቤ። ከዚያ ወዲያ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ፈንታ ቤት ገባሁ። የአገው ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ጎንበስ ብለው እግሬን ራሳቸው አጠቡኝ።

«ወንድሜን ልየው» አልኋቸው።

«ሌላ መንደር አሸሽተነዋል። ጠዋት እንወስድሃለን። አሁን ብላ፣ ልጄ።»

በላሁ። ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ስወጣ ግቢው በሰው ሞልቷል። አያ ፈንታ ትከሻዬን ያዙ።

«አይዞህ፣ ልጄ። አያሌው ከሞተ ሰነበተ።»

በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው በልቶ፣ ተኝቶ፣ አብሮት የሚያለቅስ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። ይህን አውቃለሁ፤ ሲነገርም አይቻለሁ። ግን ያን ሁሉ ደግነት ለወንድሜ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ተቀበልሁት።

አሁን የአያሌው መልክ እየጠፋብኝ ነው። የሚናፍቀኝ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ያ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ወንድም ነበረኝ። ሰዎቹ ሞቱን ይዘውልኝ፣ እኔ ባዶ እጄን እያወራሁ ሄድሁ። እሱ በየትኛው ቀን እንደ ሞተ ዛሬም አላውቅም፤ ለእኔ ግን የሞተው በዚያ ጠዋት ነው። ከመርዶው በፊት ያችን አንዲት ቀን የሰጡኝን የማንኩሳ ባልና ሚስት ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።