የእናት ድምፅ ያለበት ዲስክ

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የምትሠራዋን ሴት ሁሉም «እትዬ ተርሚናል» ይሏታል፤ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ትእዛዝ እየጻፈች ስለምትሠራ። የተጣሉ አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጭና ነፍስ የዘራችባቸው እሷ ናት። ማተሚያው እምቢ ሲል፣ ዋይፋዩ ሲጠፋ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲቀር የምትጠራው እሷ ናት።

«አትደንግጪ» ትላለች፤ «ማሽኑ ራሱ ምን እንደነካው ጽፎልሻል። ማንበብ ነው የጠፋው።»

ፋይላቸውን ሌላ ቦታ ሳይቀዱ የሚነካኩትን ደግሞ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያለች ትተርባቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ የማይነሳ ላፕቶፕ ታቅፋ መጣች። እናታቸው ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። ታናሽየዋ በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋዋ ሥር እየተቀመጠች ድምፅዋን ቀድታው ነበር፤ ልጅነቷን፣ ትዳሯን፣ የሞቱባትን ልጆች ስታወራ። ያለው እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም።

«እታለም፣ ይወጣል አይደል?»

«ምን ይሆናል ብለሽ! ተቀመጪ።»

ዲስኩን ፈትታ ከራሷ ማሽን ጋር አገናኘችው፤ የሚቀዳበትን ባዶ ዲስክም ሰካች። ማሽኑ የእናትየው ድምፅ ያለበትን ዲስክ «ቢ»፣ ባዶውን «ሲ» ብሎ ሰየማቸው። ገመዱ ሲላላባት ሁለቱንም ነቅላ መልሳ ሰካች። እንዲህ ሲደረግ ስማቸው ሊለዋወጥ እንደሚችል ስንቱን አስተምራለች! እህቷ ግን ስለ እናታቸው እያወራች ነበርና፣ ደግማ ሳታይ ከ«ቢ» ወደ «ሲ» እንዲቀዳ አዘዘች።

ከሰባት ደቂቃ በኋላ ስሞቹን አየች። ተለዋውጠዋል። አቆመችው።

«አለቀ?»

«ገልብጬ ቀዳሁት። ባዶውን በእሷ ላይ።»

የተቀዳበት እንደሚጠፋ እህቷ አልገባትም። «ታዲያ መልሰሽ ገልብጪዋ።»

ታላቅየዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ዲስኩን በረበረችው። ስም የሌላቸው ሦስት መቶ ፋይሎች ወጡ፤ አብዛኞቹ አልከፈት አሉ። ከድምፁ የተረፈው አርባ ሰከንድ ነው፦ እናትየው ታስላለች፣ ከዚያ «ትራሱን ከፍ አርጊልኝ» ትላለች።

ለእህቷ ላከችላት። እህቷ ደውላ «ይሄ እኮ ወሬዋ አይደለም» አለችና ዘጋች። ይቅርታ ልትጠይቅ ቤቷ ድረስ ብትሄድም፣ «ይቅር ብዬሻለሁ አልኩሽ እኮ» አለቻት፤ በሩን ግን እንደያዘች ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ አያልፉም።

አሁንም ማተሚያ ታስተካክላለች። ዲስክ ይዞ የመጣን ግን «ሌላ ሰው ፈልግ» ብላ ትመልሳለች።

አንድ እሑድ ከእናቷ ወሬ የምታስታውሰውን ልትጽፍ ተቀመጠች። ሁለት መስመር ጻፈች። ሌላውን አልሰማችውም። እናቷ ስታወራ እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ «ተቀድቶ የለ፣ በኋላ እሰማዋለሁ» ብላ።