ለተረከዝ ጅማት መርፌ የለኝም

አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ስጀምር የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር። አንድ አልጋ፣ መለማመጃ ብረት፣ ፔዳሉ የተሰበረ ብስክሌትና የእንጨት ደረጃ ነበረው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ታደሰ የመጀመሪያውን ቀን ዕቃውን አስጎበኙኝ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ደረጃው ነው አሉኝ። ሰው የሚያሽ እጅ ፈልጎ መጥቶ «ራስህ ሥራ» ሲባል እንደሚከፋውም ነገሩኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዘመኔ ሰው በማግባባት አለፈ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ቀኑን ሙሉ ቆመው ልብስ የሚተኩሱ ይመጣሉ፤ ሾፌሮች ይመጣሉ። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዛቸውን ከኋላ ይወጋቸዋል፤ ሰውነት ሲሞቅ ይተዋቸዋል፤ ሲያርፉ ይመለሳል። ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነው፤ ደረጃው ላይ ራሳችሁ ተለማመዱ። ስል ስል አፌ ደከመ።

ገመቹ ግን አይረሳኝም። መቂ ላይ ሽንኩርት መኪና ላይ የሚጭን ጎልማሳ ነው። ቀኝ እግሩን እየጎተተ ገባ። ጅማቱ ከተረከዙ በላይ እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጧል። ወጌሻ አሽቶታል፤ ሶደሬ ፍል ውኃ ገብቷል። ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ጆንያ ሲሸከም ይብስበታል። የጭነት ሥራ የሚሰጠው ደላላ በቦታው ሌላ ሰው ሊያስገባ ነበር። መርፌ እንድወጋው ለመነኝ።

እዚያ ቦታ የሚወጋ መርፌ ጅማቱን አዳክሞ ሊበጥሰው እንደሚችል ነገርኩት። ደረጃው ጫፍ ላይ በእግሩ ጣቶች ብቻ አቆምኩት። በሁለቱም እግሩ ከፍ ብሎ፣ በታመመው ብቻ ቀስ እያለ ተረከዙን ወደ ታች እንዲያወርድ አሳየሁት። አላበው።

«ሲስተር፣ የጎዳኝ ሸክም ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሸክመው ሊያድኑኝ ነው?»

«ጅማት እረፍት ብቻ ሲያገኝ ይሰንፋል። ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው። ወራት ይፈጃል።»

«እስከዚያ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ለጊዜው ቀለል ያለ ሥራ እንዲጠይቅ መከርኩት። እግሩን እየጎተተ ወጣ። አይመለስም ብዬ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ መጣ። ደላላውን ለምኖ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይለቅማል፤ ጫኞቹ ይስቁበታል። ሥራ ሲያበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያሳየሁትን ይሠራል። የመጣው ግን ልምምዱን ሲሠራ ስለሚያመው ነው፤ ያበላሸ መስሎት ነበር። ትንሽ ቢያምህም በማግስቱ ካልባሰብህ ቀጥል አልኩት። ሲጠነክር ጀርባው ላይ ሽንኩርት ያለበት ጆንያ እንዲጨምር አደረግሁ፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ እየከበደ። የሚቀጥለው ምርት ሲደርስ ወደ መኪናው ተመለሰ። ደውሎ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ደስ ያለኝ በእሱ ብቻ ነበር።

ዓመት ሳይሞላው እያነከሰ መጣ። ሲሻለው ልምምዱን ትቶታል።

«ከዳንኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

አልተቆጣሁትም። ከሀ ጀመርን። እሱም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል። የሆነ ሆኖ ተሻለው። ዛሬም ይጭናል። ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ይቆነጥጠዋል፤ ልምምዱን ግን አያቋርጥም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወደ ሥራው ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፤ ሕመምተኛ የሚሰማችሁ እያመመው ነው፣ ሲሻለው አይሰማም። ልምምዱ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም እንደሚቀጥል ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ግማሹ ይተወዋል። ሲመለስ ተቀበሉት።