ሃብተኣብ የዘጋው መስመር

የጋሽ ሃብተኣብን የሕይወት ታሪክ ለቀብሩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ናይሮቢ ውስጥ ዘመድ ስላልነበረው፣ «ሚዛን፣ አንድ ቢሮ ስለሠራችሁ ከሰው ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ» ብለው ቀብሩን ያሰናዱት ሰዎች ሰጡኝ። አስመራ እንደተወለደ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ባለሙያ እንደነበረ፣ ደርግ ሲወድቅ በሞያሌ በኩል በእግሩ ኬንያ እንደገባ፣ ኮምፒውተር ራሱን በራሱ እንዳስተማረ፣ ሰው አክባሪና ሥራ ወዳድ እንደነበረ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሆነ። ተነበበ፣ ሰው አለቀሰ። ውስጡ አንድም ውሸት የለበትም። ዋናውን ነገር ግን አልጻፍኩትም፤ ያልጻፍኩት ደግሞ ረስቼው አይደለም።

የምንሠራው ሕዝቅያስ የሚባል ያገራችን ሰው ባቋቋመው የጥበቃ ድርጅት ውስጥ ነበር። ጥበቃ ስል ዱላ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈርና አካባቢው ያሉ ሠላሳ አፓርታማዎችን እንጠብቅ ነበር፤ በየጌቱ፣ ማለትም በየግቢው መግቢያ በር ላይ፣ አንድ ኮምፒውተር አለ። ነዋሪው ካርዱን ሲያስነካ በሩ ይከፈታል፤ ስሙ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት መሃል ከተማ ወዳለው ቢሯችን ይመጣና ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ያስተዳድረዋል። ፕሮግራሙን የሚይዘው ጋሽ ሃብተኣብ ነው፤ ዘበኞቹን የማሰማራው እኔ።

እኔ ችኩል ነኝ። እሱ አንድ ፓስወርድ ለመቀየር ግማሽ ቀን ሲፈጅ ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር። አማርኛውን ጦር ሰፈር ስለተማረው «ተቀብያለሁ» ሳይል ስልክ አይዘጋም፤ በዚህ ስቄበት አልጠግብም። ሌላም ጠባይ ነበረው። ምሳ ልንበላ ያገራችን ሰው ወደሚበዛበት ወደ ኢስትሊ ሰፈር ስንሄድ፣ ጎናችን የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ሰዎች ትግርኛ ማውራት ከጀመሩ ጉርሻውን አቋርጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ወሬ ለመስማት መስሎኝ «ኧረ ነውር ነው ጋሼ፣ የሰው ጨዋታ!» እለው ነበር።

በፈረንጆቹ 2006፣ መጋቢት ላይ፣ ሠናይት የምትባል ሴት ቢሯችን መጣች። ከምንጠብቃቸው ከኪሌሌሽዋ አፓርታማዎች አንዱ ውስጥ ቤት ተከራይታ የገባች፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማለች።

«ስገባና ስወጣ የምትመዘግቡትን ማን ነው የሚያየው?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«እኛ ብቻ ነን» አልኳት።

«በምን ታውቂያለሽ?»

ጋሽ ሃብተኣብ ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣና ወንበር ሳበላት። ታሪኳን በአጭሩ ነገረችን። ከባሏ ሁለት ጊዜ ሸሽታ ሁለት ጊዜ አግኝቷታል። በሁለተኛው አንገቷን በጩቤ ወግቷት ታስሮ ነበር፤ በጥር ተፈቷል። ኪሌሌሽዋ መግባቷን ከሰው ሰምቷል፤ የትኛው ግቢ እንደሆነ ግን አያውቅም። በየቀኑ ሰዓቷን እየለዋወጠች፣ አንዳንዴ ሁለት ፌርማታ አልፋ ወርዳ እየተመለሰች ነው ቤቷ የምትገባው።

«ቤቴንና ሰዓቴን ካወቀ ሦስተኛው ይሆናል፤ ከሦስተኛው አልተርፍም» አለች።

«እኔ አጣርቼ እነግርሻለሁ» አላት።

በዚያው ሳምንት አጣራ። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ከስምንት ወር በፊት የላከልን፣ ማናችንም ያላነበብነው ማሳሰቢያ ነበር፦ በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል የሚሄደው መረጃ፣ በእጅ ካልተስተካከለ በስተቀር፣ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። ጋሽ ሃብተኣብ አንድ ተራ ላፕቶፕ መስመሩ ላይ ሰክቶ፣ የሚያልፈውን የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ከፈተና ጠራኝ። ምንም ሳይፈታ፣ ምንም ሳይሰብር፣ ጽሑፉ እንደ ጋዜጣ ይነበባል። ስም፣ የቤት ቁጥር ሲ 11፣ ሰዓት 18፡42። የማን ስም እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የዳታቤዙ ፓስወርድ ራሱ አብሮ ያልፋል።

«ከጌት ወደ ቢሮ የሚመጣው ደግሞ በአንቴና ነው» አለ። «መሃል ያለ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ያያል።»

እኔ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ ማን ሥራ ፈትቶ ነው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የኛን ወሬ የሚያዳምጠው?»

«እኔ አዳምጫለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ሰሜን ግንባር ሥራው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የሌላውን ወገን ሬዲዮ መጥለፍ ነበር፤ ትግርኛ ስለሚያውቅ ነው የመረጡት። እነዚያ በኮድ ስለሚነጋገሩ አብዛኛው ቃል ትርጉም የለውም። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ደረቅ ሳል የሚስል ሰው ነበር፤ ከዓመት በላይ ስለሰማው ሲያመው ሁሉ ያውቅበታል። አንድ ጠዋት ያ ሰው ኮዱን ተወው። ቁስለኞች ውሃ ጠምቷቸው ነበርና ቸኮለ፤ የሚቀዳበትን ወንዝና ሰዓቱን በግልጽ ትግርኛ ተናገረ።

«ጻፍኩት» አለኝ ጋሽ ሃብተኣብ። «አስተላለፍኩት። ‹ተቀብያለሁ› አሉኝ። አውሮፕላኖቹ በላዬ ሲያልፉ ገና ማዳመጫውን አላወለቅኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየውን ሰምቼው አላውቅም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይፈልገው ነበር። ኢስትሊ ምግብ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤቱ ወዳለበት ወደ ካሳራኒ በሚሄድ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ በሱ ዕድሜ ያለ ሰው ትግርኛ በተናገረ ቁጥር ምናልባት ተርፎ እንደሆነ ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰው ሲስል ይደነግጣል። ቤቱ ብቻውን ሲሆን ሳሉን ይሰማው እንደነበርም ነገረኝ፤ ይህንም ያለኝ ድምፁን ሳያነሳ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው። አዘንኩለት። እውነቱን ለመናገር ፈራሁትም፤ ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን በሩን ክፍት አደርግ ነበር።

በነጋታው ሥራ ጀመረ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ለምስጠራው የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ጫነ፣ የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀየረ፣ ሳይመሰጠር የሚመጣን ግንኙነት ሁሉ እንዳይቀበል አዘዘው። ከዚያ ጌት በጌት ዞረ። በሁለት ሳምንት ሃያ ዘጠኙን ጨረሰ። ሠላሳኛው እምቢ አለ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ምስጠራውን አይችልም። ያ ጌት የሠናይት ነበር።

ሕዝቅያስ ሁለታችንንም ጠራን። «አዲሱ ኮምፒውተር በአሥር ቀን ይደርሳል» አለ። «እስከዚያ ለዚህ ለአንዱ ጌት ክፍት አድርግለትና ይቀጥል።»

«ለአንድ ከተከፈተ ክፍት ነው» አለ ጋሽ ሃብተኣብ። «እዚያ የምትኖረውን ሴት ታውቃለህ።»

«አሥር ቀን እኮ ነው ሃብተኣብ!»

«የኔ አንድ ጠዋት ነበር።»

ሕዝቅያስ ምን እንዳለው አልገባውም፤ እኔ ገባኝ። ጋሽ ሃብተኣብ ያንኑ ዕለት ኪሌሌሽዋ ሄዶ ገመዱን ነቀለ። ስልክ ደወለልኝና «ለአሥር ቀን እዚህ ጌት ኮምፒውተር የለም፤ ዘበኞችሽን አንቺ እንደሚሆን አድርጊ» ብሎኝ ዘጋ። ከዚያ ሠናይት መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ «ዘግቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አያይሽም» አላት። ቢሮ ሲመለስ ማንዳዚ የሚሉትን የዘይት ጥብስ ዳቦ ገዝቶ ለሁላችንም አደለ። ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ተናድጄ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ የገባ የወጣ ሳይመዘገብ ቢቀርና አንድ ነገር ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኛ! ስለዚህ ናይሮቢ ውስጥ ማንም እንደሚያደርገው አደረግኩ። ትልቅ ደብተር ገዝቼ፣ በእጄ አስምሬ ላክሁ፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። ነዋሪም እንግዳም ይፈርማል። የጌቱ ዘበኛ ዋፉላ ደውሎ ነዋሪዎቹ መጻፍ አንፈልግም አሉ ሲለኝ፣ «ያልጻፈ አይገባም» ብዬ ጮህኩበት።

እዚህ ከተማ ደብተር የሌለው ጌት ስንት አለ? ክሊኒክ ስትሄዱ፣ ቢሮ ስትሄዱ፣ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ስማችሁን ጽፋችሁ ነው የምታልፉት። እስክሪብቶውን ስታነሱ ከላይ የተጻፈውን ታነባላችሁ። ማንም ነገሬ አይለውም። ጋሽ ሃብተኣብም አልጠየቀኝም፤ እሱ የሚፈራው በአየር ላይ የሚያልፈውን ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሠናይት ረቡዕ አመሻሹ፣ በኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ገና ሳይጨልም፣ ከማታቱ ወርዳ ወደ ጌቱ ስትራመድ በጩቤ ተወጋች። ዋፉላ ሮጦ ባይደርስ ኖሮ ትሞት ነበር። ባሏን እዚያው ያዙት።

ዋፉላ ደብተሩን ቢሮ አመጣልኝና «ፖሌ፣ ማማ»፣ አዝናለሁ እናቴ፣ ብሎ በስዋሂሊ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ገለጥኩት። በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት፣ በየቀኑ፣ ሠናይት፣ ሲ 11፣ 18፡40። 18፡42። 18፡40። ሰኞ ላይ፣ ከስሟ ቀጥሎ ባለው መስመር፣ ባሏ በገዛ ስሙ ፈርሟል። ሲ 4 ሰው ልጠይቅ ነው ብሎ፣ ሲ 4 ስልክ የሚያነሳ ሲጠፋ አመስግኖ ሄዷል። «እስክንደውልለት ቆሞ ገጹን ያገላብጥ ነበር» አለኝ ዋፉላ። ፖሊሶቹ እንደነገሩን ሰውየው ለአንድ ወር ኪሌሌሽዋን ጌት በጌት እየዞረ ደብተር ሲያነብ ነበር። በዚያ መንገድ ደብተር ያልነበረው የኛ ጌት ብቻ ነው፤ እኔ እስክልክለት ድረስ።

ጋሽ ሃብተኣብ ቆሞ አነበበው። እስኪጮህብኝ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ በተሻለኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ የኔ ጽሑፍ አለ፣ ከሥሩ ስሜና ፊርማዬ። ደብተሩን ዘጋና ብብቱ ሥር ያዘው። «ሆስፒታል እንሂድ» ብቻ አለኝ።

ሠናይት ቀኝ እጇ እስከ ትከሻዋ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቿ አይንቀሳቀሱም። ሲያያት ለመናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘግቼዋለሁ ካሉኝ ቀን ጀምሮ ተኛሁ እኮ! በሰባት ዓመቴ። ሰዓት መለዋወጡንም ተውኩት፣ እንደ ሰው በቀጥታ ቤቴ መግባት ጀመርኩ። ይሄኛው የኔ ዕድል ነው፣ እርስዎማ ምን ያድርጉ።»

«ሠናይት» አላት፣ «ጌቱ ላይ ደብተር ነበር። ሰዓትሽን ያነበበው እዚያ ላይ ነው። ደብተሩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ብርቱካን የያዘ ፌስታል ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ለማለት አንድ እርምጃ ይበቃኝ ነበር። ሠናይት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ውጡልኝ» አለች።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው መስኮቱን እያየ፣ «አንቺ ልጆች አሉሽ፣ ይሄ ነገር ቤት ድረስ ይከተላል» አለኝ። «እኔ ለምጄዋለሁ።» አላመሰገንኩትም። እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም። በየወሩ ሠናይት ቤት ድረስ እየሄደ ይቅርታ ይለምን ነበር፤ በሩን አልከፈተችለትም። እኔ አንድ ቀን እንኳ አብሬው አልሄድኩም። ከሦስት ዓመት በኋላ ካሳራኒ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ሠናይትን ኢስትሊ አገኘኋት። ዘንቢሏን በግራ እጇ ይዛለች፤ ቀኟ ኪሷ ውስጥ ነው።

«ጋሽ ሃብተኣብ አረፉ አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ አረፈ።»

«ይቅር ልላቸው ሁለት ጊዜ ካሳራኒ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቴም ከማታቱ ሳልወርድ ተመለስኩ። አልሆነልኝም።» ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ፣ ሚዛን። ያን ሁሉ መስመር አንድ በአንድ የዘጉ፣ እንዲያ ጠንቃቃ ሰው፣ ስሜን ደብተር ላይ እንዴት ያስጽፋሉ? አብረሻቸው ነበርሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።