ለአንድ ሰው የመዘንነው ሸክም

አምና፣ መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ እኅቴ የባሏን አፅም አፍልሳ ለእናቱ ልታስረክብ ቆረጠች። ሸክሟን እንድጋራት የመረጠችው እኔን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለቅሶ መሆኑን እያወቅኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኅቴ ለትግል በረሃ የወጣችው እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሳለሁ ነው። ነጻነት በመጣ ጊዜ ቃሓውታ ሰፈር ያለውን የቤታችንን በር አንኳኩታ የገባችውን ቀጭን ሴት ያላወቅኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከእግሯ ሥር ጠፍቼ አላውቅም። የምናወራው በትግርኛ ነው፤ ብዕር ሳነሳ ግን ትምህርት ቤት የለመድኩት አማርኛ ይቀድመኛልና ቃሏን በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

ባሏም ታጋይ ነበር። ከከተማችን በስተምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወደቀ፤ በገዛ እጇ ቀበረችው። ለእናቱ አንድ ነው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። እናቱ የሚኖሩት እዚያው ከተማችን፣ ፓራዲዞ ሰፈር ነው። እኅቴን ባዩ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር፤ “መቼ ነው የምታመጪልኝ?”

ቦታው ከመኪናው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። የጠየቅናቸው ባለ አህዮች የተቀበረ ፈንጂ ፈርተው እምቢ አሉ። እኅቴ ዱካውን ዐይኗን ጨፍና ትሄደዋለች፤ የቸገራት ጀርባዋ ነው። አከርካሪዋ አጠገብ ሐኪሞች ያልነኩት ስብርባሪ ብረት አለ። ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳትሸከም ተነግሯታል። መሬት ላይ ካደረች ደግሞ ጠዋት ሰው ካላነሳት አትነሳም። ስለዚህ በረሃ እንደለመደችው፣ በሁለት ዛፍ መካከል በሚታሰር የጨርቅ አልጋ ማደር ነበረባት። ጨርቁ ከፓራሹት የተሰፋ ነው፤ ሲጠቀለል ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። የጎደለው ማንጠልጠያው ነበር።

“ሽንኩርት ከገበያ ለማምጣት ሦስት ጊዜ የምታርፍ ልጅ ናት አፅም የምትሸከምልሽ?” አለች እናታችን።

“አሥር ኪሎ ከያዘችልኝ ይበቃኛል።”

በቃ፣ ሕይወታችን ኪሎ ሆነ። ለእኔ አሥር፣ ለእሷ ሦስት። ስንሄድ ውኃው ብቻ ስድስት ኪሎ ነው። ስንመለስ አብዛኛው ውኃ ያልቅና በቦታው እሱ ይገባል።

“ስንት ይሆናል?” አልኳት።

“ከአምስት አያልፍም። ሰው ሲደርቅ ይቀላል” አለችኝ፣ ስለ በርበሬ የምታወራ ይመስል።

ያገኘነውን ገመድ ሁሉ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ እየወሰድን እናስቀምጥ ነበር። መጀመሪያ የቃጫ ገመድ ሞከርን። ዝሆን ያስራል፤ ግን ከአልጋው ጨርቅ ሦስት እጥፍ መዘነ። ጤዛ ሲጠጣ ደግሞ እንደሚብስበት እኅቴ ታውቃለች። ቀጥሎ እኔ በራሴ መርጬ ቀጭን የናይሎን ገመድ አመጣሁ። ባለ ሱቁ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው መርፌው ንቅንቅ አልል አለ። ኮራሁ። ግቢያችን ውስጥ ካለው የዘይቱን ዛፍ እስከ ልብስ ማስጫው ብረት ወጥሬ አሰርኩትና እኅቴ ወጥታ ተኛችበት።

መጀመሪያ እስከ ወገቤ ከፍ ብላ ነበር። ናይሎኑ ግን ይለጠጣል፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይቸኩል ይለጠጣል። ድስት አጥቤ ስመለስ ጉልበቴ ጋ ደርሳለች። ልብስ አስጥቼ ስመለስ መቀመጫዋ መሬት ነክቷል፤ እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ እንደተኛች ናት።

“ሓፍተይ፣ የተንጠለጠልኩት መቼ ነው?” አለችኝ፤ እኅቴ ስትለኝ ነው። “ጉንዳኖቹ እኮ ስምሽን እየጠየቁኝ ነው።”

እየሳቅሁ አነሳኋት። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ዛፉን ስታይ ሳቋ ቆመ። ገመዱ የዘይቱኑን ልጥ በልቶ ነጩን አውጥቶታል። በጣቷ ዳበሰችው።

“ይሄ አይሆንም። እዚያ የማስርበት ወይራ መቃብሩ ራስጌ ላይ ያለው ነው። እንዲቆስልበት አልፈልግም።”

በማግስቱ መደበር ሄድን፤ አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ገበያ ነው። የተሰባበሩ መኪናዎችን የሚፈታ አንድ ሽማግሌ አገኘን። እኅቴ የምትፈልገውን ነገረችው፤ ሰፊ፣ ቀላል፣ የማይለጠጥ፣ ልጥ የማይቆርጥ። ሰውዬው ከራስ ጠጉሯ እስከ ፕላስቲክ ጫማዋ አያት፤ ታጋይ መሆኗን ከጫማዋ አወቀ።

“ተጋዳሊት፣ ምን ልትጎትቺበት ነው?”

“ልተኛበት ነው።”

“አንቺንማ የመርፌ ክርም ይይዝሻል” አለና ከክምሩ ውስጥ የመኪና ወንበር ቀበቶ መዘዘ። አንዱን ጣለው። ሌላውን ጣቱ ላይ አጥፎ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞረ። “እዩት፣ ጠርዙ ጠጉር ካወጣ ይከዳችኋል። ፀሐይ የበላውም ሲታጠፍ ይነጣል። ከተቃጠለ መኪና የወጣ ከሆነ ደግሞ አልሸጥላችሁም፣ አልሰጣችሁም።” ሁለት ንጹሕ አገኘልን። “የቐንየልና” ብለን አመሰገንነው።

ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደን ጫፍና ጫፉን ቀለበት አድርገን አሰፋነው። ቀበቶው ዛፉን ያቅፋል፤ ከቀበቶው እስከ ጨርቁ ያለችውን ክፍተት ደግሞ እኅቴ ከፓራሹቱ ያስቀረቻት የተጎነጎነች ቀጭን ገመድ ትሞላለች። ገመዷ አጭር ስለሆነች የምትለጠጠው ከቁጥር አይገባም። እኅቴ የተረፈውን ሁሉ በምላጭ ቆረጠች፤ የቀበቶውን ብረት ሳይቀር አስወለቀች። ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው፣ ማንጠልጠያው በሙሉ ግማሽ ኪሎ አልሞላም። ዘለልኩ።

“ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የፈነደቅሽው?” አለኝ ባለ ሱቁ።

አፌን ከፍቼ ምን ልበለው? የእኅቴን ባል የምጭንበት ቦታ አገኘሁ ልበል? ገመዱን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከአውቶቡስ ወርደን ግማሽ ቀን ሄድን። እኅቴ የረገጠችበትን እየረገጥኩ ስለሄድኩ ከዚያ አገር የማውቀው ተረከዟን ብቻ ነው። ወይራው ጋ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። አልጋዋን አሰርኩላት፤ እኔ ከሥሯ ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ቀድማኝ፣ ብቻዋን፣ ማንም ሳያነሳት ቆማ አገኘኋት። ደስ አለኝ። ያ የመጨረሻው ደስታዬ ነበር።

ድንጋዮቹ እሷ እንደደረደረቻቸው አልነበሩም፤ ጎርፍ ገብቶባቸዋል። ቀስ ብለን አነሳን፤ አፈሩን በእጃችን ቆፈርን። አንድ የራስ ቅል ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እሷ ስፍራውን ከለቀቀች በኋላ ጓዶች ሁለት ሰው አጠገቡ ቀብረዋል፤ ጎርፉ ሦስቱንም አንድ አድርጓቸዋል። በልብስ እንዳትለይ፣ ታጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁምጣ ነው የሚለብሰው። ጫማውም ያው የፕላስቲክ ነው፤ ሁሉም እሷ እግር ላይ ያለውን ይመስላሉ።

“ጥርሱን አውቀዋለሁ” አለች። አንድ በአንድ ይዛ አየች፤ እንደገና አየች። መለየት አቅቷት ቁጭ አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። “ሓፍተይ፣ አንዱን ለእናቱ እንውሰድላቸው። ማን ያውቃል?” አልኳት።

“እኔ አውቃለሁ” አለችኝ። አልተቆጣችም።

ሦስቱን እንዳንወስድ፣ ለእኔ አሥር፣ ለእሷ ሦስት ነው፤ የመመለሻ ውኃም አለ። በነጠላዋ ሸፈነቻቸው፤ አፈሩን መልሰን ድንጋዩን ደረደርን።

ከአውቶቡሱ በቀጥታ ፓራዲዞ ሄድን። የባሏ እናት ጥቁር ለብሰው ጠበቁን፤ አልጋው ላይ አዲስ አቡጀዲ ተዘርግቷል። ባዶ እጃችንን መምጣታችንን ከአረማመዳችን ያወቁ ይመስለኛል። እኅቴ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

“ሦስት ናቸው?” አሉ።

“እወ፣ አደይ” አለች፤ አዎ፣ እናቴ ማለቷ ነው። “ሦስት።”

“ታዲያ ሦስቱንም አታመጪልኝም ነበር?”

“ሁለቱ የኛ አይደሉም።”

“እነሱስ እናት የላቸውም? ከእሱ ጎን አስተኛቸው ነበር።”

“የመዘንነው ለአንድ ሰው ነበር፣ አደይ” አለች እኅቴ።

እሳቸው አቡጀዲውን ከአልጋው አነሱ። ጫፉን ከጫፍ አገናኝተው ማጠፍ ጀመሩና መሐል ላይ እጃቸው ቆመ።

“እኔም ለአንድ ነው የገዛሁት” አሉ።

ያን ጊዜ ነው እኅቴ ያለቀሰችው፤ በነጻነት ቀን ያላለቀሰች፣ ወይራው ሥር ያላለቀሰች ሴት። ጀርባዋ ስለማይታጠፍላት ቀጥ ብላ ቆማ ነው ያለቀሰችው። እሳቸው ዝም በይ አላሏትም። በባሕሩ ወገን ዝናብ የሚገባው ከመስቀል በኋላ ነው፤ በዚያው ሳምንት ጀመረና ወደ እነሱ የሚመልሰን ዱካ ተዘጋ።